ከፖስታ ቤቱ በር

እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ስታድል ኖራለች። ሰፈሩ «ካርታዋ» ይላት ነበር፤ እሷ ግን ሰሜኑን ከደቡብ አትለይም። መንገዱን የምታውቀው በቃል እንደተጠና ጸሎት ነው፤ ከፖስታ ቤቱ በር ካልጀመረች መሐሉ ይጠፋባታል። ልጅ ሳለሁ መንገዱ ተቆፍሮ በሌላ ቅያስ ብንገባ፣ ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳ ከዚያው በር አስጀመረችኝ።

«ኧረ እማዬ፣ ቤታችን እኮ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ነው!»

«ዝም ብለሽ ተከተይኝ። አንቺ አፍሽ እንጂ እግርሽ አያውቅም።»

በሰባ ዓመቷ መርሳት ጀመረች። ድስት አሳረረች፣ ስሜን ከእህቷ ስም ጋር አምታታች። መንገዷን ግን አንድም ቀን አልሳተችም፤ ይህን ልብ ያለ አልነበረም። ሐኪሙ «ብቻዋን አትተያት» ሲለኝ፣ እኔ ብልጧ ከተማውን አቋርጬ ቤቴ አመጣኋትና የሷን ቤት አከራየሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

እኔ ቤት መነሻ አጣች። መጸዳጃ ቤት ስትፈልግ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ትቆማለች። አንድ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ይዛ አገኘኋት።

«ልጄ፣ ከየት ነው የምጀምረው?»

«አሥር እርምጃ እኮ ነው!» ብዬ ጮኽኩባት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ፖስታ ቤቱ በር ድረስ በታክሲ ወሰድኳት። እግሯ ካላወቀ በቃ፣ ከእናቴ የቀረኝ ነገር የለም ብዬ ነበር። ወረደች፣ ትከሻዋን ቀና አደረገች፣ ሄደች። ፋርማሲውን አልፋ፣ በልብስ ሰፊው ታጥፋ፣ ደረጃውን ወርዳ፤ እኔ ከኋላ እየሮጥኩ ነው የምከተላት። ደስታው አሳብዶኝ ወዴት እንደምታመራ እንኳን አላሰብኩም።

የገዛ በሯ ላይ ቆማ ከቦርሳዋ ቁልፍ አወጣች። እምቢ አላት፤ ተከራዮቹ ጓጉንቸሩን ቀይረውታል። ስትታገል በሩ ተከፈተና ተከራይዋ ሕፃን እንደታቀፈች ብቅ አለች።

«ማንን ፈልገው ነው እናቴ?»

እናቴ ሴትዮዋን አየች፣ ከኋላዋ ያለውን የሰው ሶፋ አየች። ፊቷ በሀፍረት ቀላ።

«ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ቤት ተሳስቼ ነው» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «ተሳስቻለሁ አይደል?»

አልተሳሳተችም። እውነቱን ብነግራት ግን «እንግዲያው እንግባ» ትለኛለች ብዬ ፈራሁ።

«አዎ እማዬ» አልኳት፣ «ተሳስተሻል።»