ጋን የተሸከመው ሞላ

ዛሬ ጠዋት ጋን ሳጥብ ነበር። የማኅበሩ ተራ እኔ ላይ ደርሶ ጠላ ልጠነስስ ነው፤ ግራዋውን ከጓሮ ሸምጥጬ፣ ጋኑን ደጅ አውጥቼ፣ ክንዴን እስከ ብብቴ ከትቼ እፈትጋለሁ። ግራዋ ሽታው ራሱ ይመራል፤ ጉሮሮ ድረስ ነው የሚገባ። አንተ ደግሞ እዚያ ማዶ ከዚያች አሮጌ ትንሽ መኪናህ ስር ተጋድመህ፣ እግርህ ብቻ ውጭ ቀርቶ፣ ከጓደኛህ ጋር በስልክ ትነታረካለህ።

«ለስላሳውን ሞላ ላስገባላት ወይስ ጠንካራውን? ሾካብዞርበሩንስ አብሬ ልቀይረው?»

እጄ እዚያው ጋኑ ውስጥ ቀረ።

ኋላ ግራሶ በግራሶ ሆነህ ወጣህና፣ ልትቀልድብኝ፣ «እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? ለስላሳ ይሻላል ጠንካራ?» አልከኝ። አልሳቅኩም። ግባና ጋኑ የነበረበትን እይ አልኩህ። ገብተህ አየህ። የሰው ጋን የሚቀመጥበት ማቶት ከጭድና ከጨርቅ የተጠቀለለ ነው፤ የኔ ግን ብረት ነው። ልጅ ሆነህ ስንት ጊዜ ረግጠኸዋል፣ ምን እንደሆነ ጠይቀህ አታውቅም። ዛሬ ገና፣ «እንዴ፣ ይኸ እኮ የመኪና ሞላ ነው!» ብለህ ጮኽክ።

አዎ፣ የመኪና ሞላ ነው። በል ተቀመጥና ጻፈው እንግዲህ።

ያኔ እኔ ገና ልጃገረድ ነበርኩ። ቤታችን ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ የመኪናው መንገድ ዳር ነበር። መንገድ ስልህ የዛሬውን እንዳይመስልህ፤ ድንጋይና ጉድጓድ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃ። ከኔ በላይ እህት ነበረችኝ። እሷ ስትስቅ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል፤ «ምን አግኝታ ነው?» እያለ ከሥራው ቀና ይላል።

አግብታ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ምጡ ጠናባት። የቅሬው ሰዎች ተጠሩ። ቅሬ ለኛ አገር ሰው ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፤ የታመመ ይሸከማል፣ የሞተ ይቀብራል። በቃሬዛ አንስተዋት ወደ ሐኪም ሲሮጡ፣ ዳገቱ ሲያንሸራትታቸው፣ ድንጋዩ ሲያደናቅፋቸው፣ ልጁ መንገድ ላይ ሞቶ ወጣ። እሷን አላህ አተረፋት። ከዚያ ወዲያ ግን ነገሯ ሁሉ አንድ ሆነ። «ምጡ አይደለም ልጄን የገደለብኝ፤ መንገጫገጩ ነው» ትላለች። ሁለተኛ ስታረግዝ ሆዷ ሳይታይ ፍርሃቷ ቀድሞ ታየ።

ወንድማችን ደሴ ከተማ የአንድ ነጋዴ ሾፌር ነበር። ነጋዴው ትልቅ መኪና ሲያመጣ ትንሿን ለሱ ተወለት። እሱም እህቱ መፀነሷን ሲሰማ፣ «ዘንድሮ በሰው ትከሻ አትሄድም» ብሎ መኪናዋን ይዞ መጣ። ከቅቤ የነጣ ቀለም ያላት፣ ሞተሯ ከኋላ ያለ፣ የጣሊያን መኪና። ሰዉ ከቧት ይስቃል።

«ይቺ መኪና ናት ወይስ የመኪና ግልገል?»

«እናቷን የት ጥላት መጣች? ጡት እንዳትፈልግብን!»

ወንድሜ ራሱ ይስቃል። ግን ሲመጣ መንገዱን ሁሉ ሆዷ ድንጋይ ሲልስ ነው የመጣው። አሮጌ ስለሆነች የኋላ ሞላዋ ደክሟል። ያንን አውቆ ሁለት ዓይነት ሞላ ጠቅልሎ አምጥቷል። አንደኛው ወፍራም፣ ደንዳና ነው፤ ሌላው ቀጠን ያለ፣ መለል ያለ። ደጃችን ላይ ዘረጋቸው። ዛሬም ያ የጋዝና የብረት ሽታ ሲመጣብኝ አባቴ ጋቢውን ትከሻው ላይ ወርውሮ፣ በበትሩ እያገላበጠ ሲያያቸው ይታየኛል። ከብት ገበያ የቆመ ነበር የሚመስለው።

«የትኛው ነው ደጉ?» አለው።

«ወፍራሙ ሸክም ይችላል፣ አባባ፤ ግን ያንገጫግጫል። ቀጭኑ እንደ ፍራሽ ነው፤ ሸክም ሲበዛበት ግን ይተኛል።»

አባቴ ቆጣ አለ። «እኛ የምንመርጠው ለነፍሰ ጡር ነው ወይስ ለጤፍ ጆንያ?»

ሰዉ ሳቀ። አባቴ ግን በሳቅ የሚወስን ሰው አልነበረም። በቅሎ በማወቅ እስከ ከላላ ከተማ ድረስ የሚጠራ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ያኔ በቅሎ ስትገዛ፣ ሰጋር መሆኗ የሚታወቀው በወተት ነበር። ጋላቢው አንድ እጁ ላይ ሙሉ ዋንጫ ወተት ይዞ ያሰግራታል፤ ወተቱ ካልፈሰሰ በቅሎዋ ሰጋር ናት፣ ለሙሽራም ለአራስም ትሆናለች። አባቴም መኪናዋን እንደዚያው ትፈተን አለ።

ወንድሜ በክሪክ አነሳትና መጀመሪያ ወፍራሙን ሞላ አስገባ። እኔን ከኋላ አስቀመጡኝ፣ ዋንጫ ሙሉ ወተት አስያዙኝ። ሜዳው ላይ ገና አንድ ዙር ሳንዞር ወተቱ ደረቴ ላይ ተደፋ። ስወርድ ቀሚሴ ከሰውነቴ ተጣብቆ፣ ዝንብ ተከትሎኝ፣ እህቴ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ወይኔ፣ ሳትወልድ አጋተች!» እያለች ስትስቅ እንባዋ ወረደ። ከወራት በኋላ የሳቀችው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ቀጭኑ ገባ። እንደገና ዋንጫው ተሞላ። መኪናዋ ጉድጓዱን ስትወርድና ስትወጣ ጀልባ ላይ ያለሁ ነው የመሰለኝ፤ ጀልባ ባላውቅም። ወተቱ አፉ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። አንዲት ጠብታ የዋንጫው ከንፈር ላይ ተንጠልጥላ ቀረች እንጂ አልፈሰሰም። ዋንጫውን ወደ ላይ ሳሳይ ሴቱ እልል አለ። እህቴም መጥታ ጠብታዋን በጣቷ ጠርጋ ላሰቻት።

ወንድሜ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አባባ፣ ይቺ ልጅ እኮ ላባ ናት፤ በሷ አይፈረድም» አለ። «ለስላሳው ከገባ እኔ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ አንድ የሚይዛት ሰው፤ በቃ። ከዚያ ካለፈ እሺ አይለኝም።»

«በበቅሎስ ስንት ሰው ሊጫን ኖሯል?» አለ አባቴ። «ይበቃል።»

«መርሐባ፣ እሺ» አለ ወንድሜ። ሁላችንም የሰማነው ነገር ነው። አልሰማሁም የሚል የለም።

ምጡ የመጣው ጠዋት ነው፤ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጉሙ ገና ከመሬት አልተነሳም። ጭቃው ይሸታል። ወንድሜ መኪናዋን አስነስቶ በር ላይ አቆመ። የቅሬው ሰዎች መጥተው ነበር፤ ግን መኪናዋን ሲያዩ፣ «እንግዲህ ዱዓ እናድርግ እንጂ የኛ ትከሻ ምን ያረጋል» ብለው መርቀው ወደ እርሻቸው ሄዱ። ቃሬዛው ጣራ ስር እንደተሰቀለ ቀረ።

እህቴን ከኋላ አስገቧት። እናቴ ገብታ ያዘቻት። አዋላጇ ገባች፤ የሰፈራችን እስላም ሴት ናት፣ እኔንም ያዋለደችኝ። የእህቴ ባል ገባ። የነፍስ አባቷ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ገቡ።

ወንድሜ መሪውን ጨብጦ ዞር አለ። «ኧረ እባካችሁ፣ ከናንተ ሰው ይውረድ።»

እናቴ፣ «እኔ ነኝ የምወርደው? እኔ ነኝ እኮ የወለድኳት» አለች።

አዋላጇ፣ «እኔ ወርጄ ማን ሊቀበላት ነው? አንተ?» አለችው።

ባሏ የእህቴን እግር ይዞ አቀርቅሯል።

«አባ፣ እርስዎ እንኳ…» አላቸው።

«ልጄ፣ ሌላ ነገር ቢመጣ ለማን ትናዘዝ?» አሉት።

ማን ተሳሳተ? እስቲ አንተ ንገረኝ። አንዱም አልተሳሳተም። እኛ አገር የምታምጥ ሴት ሰው አይጎድልባትም፤ «ውረድ» ማለት «አትፈለግም» ማለት ነው። ያኔ እህቴ ራሷ ከውስጥ ድምጿ ወጣ። «ማንም እንዳይወርድብኝ። በእናታችሁ፣ ብቻዬን አትላኩኝ።»

ወንድሜ ወርዶ መኪናዋን ከኋላ ዞሮ አያት። ልትተኛ እንደምትል ላም ቂጧን ዝቅ አድርጋለች። እጁን ጎማዋ ላይ ጣል አደረገ። ከዚያ ገብቶ ነዳ።

እኔና የአዋላጇ ልጅ፣ እኩያዬ፣ እየሮጥን ተከተልን። ይቺን ጎረቤቴን ነው የምልህ፤ ያችው ናት። ሁለታችንም እናታችን መኪናዋ ውስጥ ናት። ጉሙ ውስጥ መኪናዋ ትጠፋብናለች፣ ድምጿን ብቻ ነው የምንከተለው። ከወንዙ መሻገሪያ ስንደርስ «ቋ!» የሚል ሰማን፤ መጥረቢያ ድንጋይ ሲመታ እንደሚሰማው ያለ። መኪናዋ ግን አልቆመችም፤ ተሻግራ ዳገቱን ያዘች። እኛ ድንጋዮቹን ረግጠን ስንሻገር አንዱ ላይ ጥቁር ዘይት እንደ ደም ተንዠቅዝቋል። ከዚያ እየተንጠባጠበ ዳገቱን ይወጣል። ጓደኛዬ እጄን ያዘችኝ። ወዲያው የሞተሩ ጩኸት ተለወጠ፤ አቃሰተ፣ ተንቋቋ፣ ጸጥ አለ።

ስንደርስ ወንድሜ ከስሯ በደረቱ ተኝቷል። የሞተሩ የዘይት መያዣ ተሰንጥቆ ዘይቱ ፈሶ አልቋል፤ ሞተሩም ተቃጥሏል። ሁሉም ወርደው ቆመዋል። ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከዓይኔ ያልጠፋው ምን መሰለህ? ከእህቴ የፈሰሰው ደም አይደለም። ሰዉ ሁሉ ወርዶላት መኪናዋ ብድግ ብላለች። ቀጭኑ ሞላ ተዘርግቷል፣ ሆዷ ከመሬት ተነስቷል፤ እንዲህ ብትሆን ኖሮ ያ የመሻገሪያው ድንጋይ ከስሯ ሳይነካት ያልፍ ነበር። ወንድሜም አየው። አየሁት ሲያየው።

የእህቴ ባል ወደ ሰፈር እየጮኸ ሮጠ። ሰዎቹ ከየእርሻቸው እስኪሰበሰቡ፣ ቃሬዛው ከጣራ ወርዶ እስኪመጣ፣ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጣ። እናቴና አዋላጇ ነጠላቸውን ዘርግተው ከመንገድ ዳር ጋረዷት። እኔን አያስጠጉኝም። የምሰማው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ሲሉ ነው፤ ኋላ እሱም ቀነሰ። ቃሬዛው ላይ ሲያወጧት ፊቷ እንደ አመድ ነጥቷል። ስታልፍ አየችኝ።

«እቴ፣» አለችኝ፣ «ወተቱን ቀጥ አርገሽ ያዢ።»

እጄ ባዶ ነበር። ግን እንደዚያ አድርጌ፣ ሁለት እጄን ገጥሜ፣ ዋንጫ እንደያዘ ሰው፣ ከጎኗ ሄድኩ። ዳገቱን ሳንጨርስ አዋላጇ ሰዎቹን «ቀስ በሉ፤ አሁን መሮጡ ይቅር» አለቻቸው። ልጁም ከሆዷ ሳይወጣ፣ ሁለቱን ባንድ ላይ ቀበርን።

በማንም አልተፈረደም። አባቴ ከዚያ ወዲያ በቅሎ ምረጥልን ሲሉት «ዓይኔ ደክሟል» ይላል፤ ዓይኑ ደህና ነበር። ወንድሜ ወደ ደሴ ተመልሶ የጭነት መኪና ነዳ። ከልኩ በላይ አንድ ሰው አይጭንም፤ አሮጊት ብትለምነው፣ ዘመድ ቢያለቅስ፣ አይጭንም። መንገደኛው «ያ ጨካኙ ሾፌር» ነበር የሚለው፤ በዚያው ስም አረጀ፣ በዚያው ስም ሞተ። መኪናዋን እዚያው ዳገት ላይ ፈታትቶ ትቷት ነበር። እናቴ አንድ ቀን ብቻዋን ሄዳ ከብረቱ ሁሉ ያንን ቀጭን ሞላ በነጠላዋ ቋጥራ አመጣችው። ጋኗን አነሳችና ከስሩ አስቀመጠችው።

«ልጄን አልሸከምም ያለ፣ ጋን ይሸከም» አለች።

ከዚያ ወዲህ ከጋኑ ስር አልወጣም። ጋኑ ሲሞላ ጣት ያህል ዝቅ ይላል፣ ጠላው ሲያልቅ ይነሳል። እናቴ ስታልፍ ጋኑም ሞላውም ለኔ ደረሰኝ።

እና አንተ ለስላሳ ወይስ ጠንካራ ብለህ ስትጠይቀኝ፣ እኔም መልሼ «ስንት ሰው ነው የምትጭንባት?» የምልህ ለዚህ ነው። «እኔና እጮኛዬ ብቻ ነን፣ እማዬ» አልከኝ። ይሁን። ግን ሰው «እኔንም» ሲልህ እንቢ የምትል ልጅ አይደለህም፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩህ። ጠንካራውን አስገባ። ያንገጫግጫችሁ።

ይኸንንም ጨምረህ ጻፍ፤ ቅድም ይህንን ሁሉ ስነግርህ ያችው ጎረቤቴ ወንፊት ልትዋስ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። እንባዋን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገች። አንተ መኪናህ ጋ ስትሄድ ገባችና ባዶውን ሞላ ቁልቁል ስታየው ቆየች። እኔ ጋኑን ላስቀምጥበት አቅፌ መጣሁ። በእጇ ከለከለችኝ።

«ተይ እቴ፣ ወላሂ ተይው» አለችኝ። «እሱ ምን አጠፋ? አልችልም ብሎ በወንድምሽ አፍ ተናግሮ ነበር። እናትሽ የፈረደችበትን ጨርሷል። ነይ፣ የኔን ማቶት ልስጥሽ፤ ይኸን አሳርፊው።»