ስለ አረቄ የጠየቅንባቸው ወራት

ላሊበላ ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ከወረርሽኙም ከክትባት ዘመቻውም ይልቅ ያደከመኝ አንድ መጠይቅ ነው።

መንግሥት ለምርምር በመደበው ገንዘብ ላይ አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ጨምሮበት፣ በገጠር ስላለው የመጠጥ ሱስ የሚያጠና ቡድን መጣ። መሪው ከአዲስ አበባ የመጡ የአእምሮ ሐኪም ነበሩ፤ ንግግር የማያበዙ፣ አቀበት ላይ ቶሎ ቶሎ የሚያርፉ ሰው። ወረዳው «አስፈላጊው ትብብር ይደረግላቸው» ብሎ ለጤና ጣቢያችን ደብዳቤ ጻፈ። ትብብሩ እኔ ሆንኩ። ጧት በሽተኛ አያለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የወረቀት ክምር ተሸክሜ መንደር ለመንደር እዞራለሁ።

ገና ከመጀመሪያው ጥያቄ ተቸገርኩ። «በአንድ ቀን ስንት መጠጥ ይጠጣሉ?» ይላል። ወረቀቱን ላዘጋጁት ሰዎች አንድ መጠጥ ማለት አንድ ጠርሙስ ቢራ ነው። እኛ ዘንድ ጠላው በጣሳ፣ አረቄው በመለኪያ ይቀዳል፤ የአንዷ ቤት መለኪያ ደግሞ የሌላዋን እጥፍ ይሆናል። ለሐኪሙ ብነግራቸው ሲሪንጅ ይዘው ተነሡ። ሁለታችን በየአረቄ ቤቱ እየገባን የመለኪያውን ልክ በውሃ ሰፈርን። አንዲት አረቄ አውጪ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስታየን ቆየችና፣ «ሲስተር፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስለካበት የኖርኩትን መለኪያ ዛሬ አንቺ ልትለኪው?» አለችኝ። ሐኪሙ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ድንጋይ ጠራቢውን ያገኘሁት በአሸተን ማርያም አቀበት አጋማሽ ካለው ቤቱ ነው። አርባን ያለፈ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ የደፈረሰ ሰው። አዲስ ሆቴል በተሠራ ቁጥር ድንጋዩን የሚጠርበው እሱ ነበር። ደጁ ላይ ተቀምጠን ጠየቅኩት። ሲነጋ አፉን የሚያሟሸው በአረቄ ነው።

«ካልቀመስኩ እጄ መሮውን አይጨብጥልኝም» አለኝ።

«ለማቆም ሞክረው ያውቃሉ?»

ሚስቱ በሩን ተደግፋ ትሰማለች። እሱ ወደ ወረቀቱ አየ። «ይህን ሁሉ ጠይቀሽ ስትጨርሺ ምን ትሰጪኛለሽ?»

በጥናቱ ሥልጠና የተነገረኝን መለስኩለት፤ ለጊዜው ጥናት ነው፣ ውጤቱ ሲወጣ መንግሥት ሕክምናውን ያቋቁማል አልኩት።

«ውጤቱ ሳይወጣ ሬሳዬ ይወጣል» አለና የቀረውን ጥያቄ ሁሉ በትሕትና መለሰልኝ። ስመለስ ቁልቁለቱ ከአቀበቱ በለጠብኝ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሚስቱ ነጠላዋን እየጎተተች ጤና ጣቢያ ደረሰች። እኔ ከሄድኩ በኋላ ሲብሰለሰል ሰንብቶ፣ አረቄውን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ወዲያ ያለ ጸበል ገብቷል። በሦስተኛው ቀን መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሌለ ሰው ያናግራል፤ ወድቆም አረፋ ደፈቀ።

«ሰይጣኑ ሊለቀው ነው ይላሉ። እኔ ግን ሊሞትብኝ ነው የሚመስለኝ» አለችኝ።

ለዓመታት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም እንደዚህ ሊሆን፣ ሊሞትም እንደሚችል ሐኪሙ አስተምረውን ነበር። ያን ቀን ከወረዳው ጽሕፈት ቤት አገኘኋቸው። ማረጋጊያ መርፌና እንክብል ይዘን፣ ሚስቱን አሳፍረን፣ በጥናቱ መኪና ሄድን።

ጠራቢው ጸበሉ ከሚወርድበት ግርግዳ መሳይ ድንጋይ ሥር ጋቢ ለብሶ ተኝቷል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። አጥማቂው አዛውንት መነኩሴ ነበሩ። መርፌውን ሲያዩ መቋሚያቸውን አጋድመው ፊታችን ቆሙ።

«ጸበልና መድኃኒት አይደባለቅም፤ ሥርዓታችን ነው።»

ሐኪሙ ዝቅ ብለው የእጅ መስቀላቸውን ተሳለሙ። «አባታችን፣ ልንወስደው አልመጣንም። እዚሁ ይተኛ፣ እርስዎም ያጥምቁት። ብቻ ዳግመኛ ቢወድቅ ላይነሣ ይችላል።»

አባ ወደ በሽተኛው፣ ቀጥሎም ወደ ሚስቱ አዩ። 

«መርፌው ጾም ያስገድፋል?» ሲሉ ጠየቁ።

«አያስገድፍም አባታችን። በአፍ አይገባም።»

መቋሚያቸውን መልሰው አቆሙ። «እንግዲያው አሁኑኑ ይወጋ። ሲረጋጋ አጠምቀዋለሁ። እየተንቀጠቀጠ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ማቆሙን እኔም አልወደድኩትም ነበር።»

በቀጣዮቹ ቀናት እየተመላለስኩ የእንክብሉን መጠን ቀነስኩለት፤ በሰዓቱ የሚሰጡት ግን አባ ነበሩ። ሲሻለው ያንኑ ግርግዳ መሳይ ድንጋይ እየዳበሰ፣ «ይህ አይጠረብም፤ ልቡ ተሰንጥቋል» እያለ ያስረዳቸው ጀመር።

ሐኪሙ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆኑ። ጤና ጣቢያውና ጸበሉ አብረው የሚሠሩበት ሁለተኛ ጥናት ይደረግ ብለው ማመልከቻ ጻፉ። እኔም እስከ ኮን ከተማ ድረስ ተከትያቸው ስብሰባ ተቀመጥኩ። ሁሉም «ሐሳቡ ጥሩ ነው» አለ። መልሱ ሰኔ ላይ መጣ፤ የበጀት ዓመቱ ተዘግቷል፣ ገንዘቡ በሌላ በሽታ ላይ እንዲውል ተወስኗል። የሞላናቸው ወረቀቶች በካርቶን ታሽገው መኪናው ላይ ተጫኑ። ሐኪሙ ሊሰናበቱኝ እጄን ጨብጠው ብዙ ቆይተው ሄዱ።

ከረጅም ጊዜ በኋላ በእንግሊዝኛ የታተመውን ውጤት ላኩልኝ። መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት። የመለኪያው ልክ አለ። ጸበሉ ግን የለም፤ በተፈቀደው ጥያቄ ውስጥ አልነበረምና። መጨረሻው ላይ «ለአካባቢው የጤና ሠራተኞች» ምስጋና ቀርቧል።

ጠራቢው አንድ ዓመት ያህል አረቄ ሳይቀምስ ኖረ። ከዚያ በወንድሙ ተዝካር ላይ አንድ ጣሳ ጠላ አልመልስም ብሎ ተቀበለ፤ በሳምንቱ ወደ አረቄው ተመለሰ። ስሰማ አላዘንኩም ብል እዋሻለሁ፤ ግን ከማዘን ይልቅ ዝም ብዬ መተኛት ነበር ያማረኝ። ክረምቱ ሲወጣ በራሱ እግር መጣ። እጁ ይንቀጠቀጣል።

«ደግሞ ልተወው ነው። አሁን ግን ሳልወድቅ መጣሁልሽ» አለኝ።

ጥናት የለም፣ ሐኪም የለም፣ መኪና የለም። እንክብሉ ግን በመድኃኒት ቤታችን ነበር። በእግራችን ወደ አባ ሄድን። ወሬው ተሰምቶ ሌሎችም መምጣት ጀመሩ፤ ገሚሶቹ ተመልሰው ጠጡ፣ ገሚሶቹ እንደተዉት ቀሩ። የወር ሪፖርቱ ለመጠጥ የተለየ ቦታ ስላልነበረው ሁሉንም «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ጻፍኳቸው። ምንድን ናቸው ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ወደ ደሴ ስዛወር አባን ልሰናበት ሄድኩ።

«ማን ይተካሻል፣ ልጄ?»

«አላወቅኩም፣ አባ።»

«እንግዲያው ምን ምልክት ሳይ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንደምልክ ጻፊልኝ። ዓይኔ ደክሟል፤ ፊደሉን አጉይው።»

እኔም ደክሞኝ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ፣ በትልልቁ ጻፍኩላቸው።