ውርጭና የወይዘሮ ዓለምጸሐይ አበባ

አሰለፈችን ከስማዳ ቆላ ወደ ጋይንት ደጋ፣ ንፋስ መውጫ ያመጧት ባሏ ካሴ ሸፍቶ ጫካ ስለገባ ነው። ጣሊያን ከወጣ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። «እሱ እጁን እስኪሰጥ መያዣ ነሽ» ብለው ከአገረ ገዡ ግቢ አስገቧት። እግር ብረት አልገባችም፣ የመታትም የለም። በሩን ማለፍ ብቻ ተከለከለች።

የአገረ ገዡ ሚስት ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ከጎንደር ያስመጡት ቁጥቋጦ ነበራቸው። ጣሊያኖች ትተውት የሄዱት፣ እሾሃም፣ አበባው እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ቀለሙ ወይን ጠጅ ነው። ጎንደር ላይ ግንብ ሸፍኖ ሲያብብ አይተውት ልባቸው እዚያው ቀርቷል። ጋይንት ግን የኅዳር ውርጭ ሁለቱን ችግኝ አጥቁሮ ገደለባቸው፤ የቀረው አንዱ ነው።

«እናንተ ቆለኞች የሙቀት አገር ተክል ታውቃላችሁ። በይ ያዢልኝ» አሏት።

አሰለፈች እንዲህ ያለ ተክል አይታ አታውቅም። ብርዱን ግን በራሷ ገላ ታውቀዋለች። ከማድቤቱ ግድግዳ ሥር፣ የምድጃው ሙቀት ከሚደርስበት አዛውራ ተከለችው። ሥሩን በፍግና በገለባ ሸፈነች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰሌን ታለብሰዋለች፤ ጠዋት አመዳዩ ሲቀልጥ ትገልጠዋለች። በሁለተኛው ዓመት ወገቧ ደረሰ።

በዚያው ዓመት ካሴ በምሕረት ገባ።

«እመቤቴ፣ እንግዲህ ያሰናብቱኝ» አለች።

«አበባውን ሳላይ? አንድ ዓመት ታገሺኝ፣ ልጄ።»

ካሴ በሩ ላይ ሦስት ቀን ጠብቆ ብቻውን ወረደ። ዓመቱ ሁለት ሆነ። ከአገሯ ከወገዳ የመጣ ነጋዴ፣ ካሴ ሌላ ማግባቱን ነገራት።

ወሩ ኅዳር ነበር። ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ጸጥ ብሎ፣ ውርጭ እንደሚጥልበት ሌሊት መሸ።

«እትዬ፣ ሰሌኑን ረሱት» አለቻት የቤቱ ገረድ አዛለች።

«አልረሳሁትም።»

ጠዋት ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ተንጠልጥሏል። ወይዘሮ ዓለምጸሐይ አይተው አለቀሱ። አሰለፈች ፊታቸው ቆማ፣ «እኔ ነኝ። ሆን ብዬ ነው» አለች። ያባርሩኛል፣ ቢያስገርፉኝም ደግ ነው ብላ ነበር።

ሴትዮዋ እንባቸውን ጠረጉ። «ይቅር ብዬሻለሁ» አሏት በመጨረሻ። «ካንቺ በቀር ማን ያድንልኛል?»

ያን ቀን ማድቤት ገብታ፣ አፏን በነጠላዋ አፍና ጮኸች። ከዚያ ማጭድ አንስታ የጠቆረውን ቅርንጫፍ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቁመት ድረስ አሳጥራ ቆረጠችው። ግንቦት ላይ ከሥሩ ቀይ ቀንበጥ ብቅ ሲል ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም በራሷ ተናደደች።

ከተቆረጠ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ አበበ። ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው አሳዩ። እንግዳው ሲበተን በቅሎ አስጫኑላትና፣ «ቃሌ ቃል ነው፤ ሂጂ» አሏት።

አሰለፈች በቅሎዋን አየች። ቀና ብላ ደግሞ የጠራውን ሰማይ አየች።

«ኅዳርና ታኅሣሥ ይለፉ፣ እመቤቴ» አለች።

ጥር ሲገባ ስለ መሄድ ያነሳ የለም። እሷም አላነሳችም።