ቬሎ የለበሰው ጎረምሳ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሐበሻ ግሮሰሪ ካሸር ሆኜ ስሠራ ዲቪዲም እናከራይ ነበር። አንድ ቀን ቅዳሴ የማያመልጣቸው እትዬ አስካለ ከፈረንጅ ፊልሞቹ መሃል አንዱን መዘው ፊቴ አስቀመጡት። ሽፋኑ ላይ ሁለት ጎረምሶች ተቃቅፈዋል፤ አንደኛው ቬሎ ለብሷል። ላብ አጠመቀኝ። ወሬው ቤተክርስቲያን ከደረሰ ከሥራዬ ፋየር መደረጌ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ እንኳን ለጾም አይሆንም።»

«ፊልም ቅቤ አለው እንዴ?»

«ማለቴ... ሙሽሪት ጠፍታ ወንድሟ ተክቷት ነው። ደባሪ ኮሜዲ ነው።»

«አላየኸውም ማለት ነው። እኔ ሁለቴ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ደግመው ይወስዱታል?»

ግራ ቀኝ አይተው ጠጋ አሉኝ።

«ቅዳሜ ዮናስ ልጄ ከባሉ ጋር ከሎረል ከተማ ይመጣል። አባትየው በር እንዳይዘጋባቸው ከዛሬ ጀምሬ ላለማምደው ብዬ ነው።»