ሶፋው ውስጥ የተሰፋው ሽጉጥ

ሶፋ ሠሪውን ሰፈርተኛው «አፈ ጮሌ» ነበር የሚለው። እጁም ከአፉ አያንስም፤ አይጥ የቦረቦረችው ወንበር እሱ ጋ ገብቶ ሙሽራ መስሎ ይወጣል። ሱቁ ሁለቴ ከተሰበረ በኋላ ግን ፈቃድ አውጥቶ ሽጉጥ ገዛ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ከየትም ቢጀምር መድረሻው ሽጉጥ ሆነ።

በየቤቱ ያለ መሣሪያ ለፖሊስ ይሰጥ የሚል ደንብ ተረቅቆ ሰፈሩ ለውይይት ሲጠራ፣ መጀመሪያ የተነሣው እሱ ነው።

«ሌባ ፈቃድ ጠይቆ ነው እንዴ የሚታጠቀው? እኛ ስናስረክብ እሱ ይስቃል! ቤቴን መጠበቅ መብቴ ነው!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቀጥሎ የሚስቱ ወንድም ተነሣ። የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው።

«እኛ ጋ በሌባ ጥይት የተመታ እምብዛም አይመጣም» አለ። «የሚመጡት በአባታቸው፣ በባላቸው መሣሪያ የቆሰሉ ናቸው። ባለፈው ወር አንዲት ልጅ...»

ሶፋ ሠሪው አላስጨረሰውም። «የኛ ነርስ እንኳን ጥይት፣ መርፌም ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ነርሱ ፈገግ ለማለት ሞክሮ፣ አልሆንልህ ሲለው ተቀመጠ።

በሳምንቱ አንድ ረፋድ፣ ሶፋ ሠሪው ሽጉጡን አውጥቶ ሲወለውል ደንበኛ ገባበት። ቶሎ ብሎ በቁራጭ ጨርቅ ጠቀለለና ተሰፍቶ ባላለቀ ሶፋ ክንድ ውስጥ ወሸቀው። ደንበኛው የአዳራሹን ወሬ አነሣ፤ አፈ ጮሌው ምን ገዶት፣ ንግግሩን ከሀ እስከ ፐ ደገመለት። አፉ ሲያወራ እጁ የለመደውን ይሠራል፤ ክንዱን ሰፍቶ ዘጋው። ሶፋው ከሰዓት በኋላ ተጭኖ ሄደ።

ትዝ ያለው በማግስቱ ምሳ ላይ ነው። እጁን ሳይታጠብ ወጣ።

የሶፋው ባለቤት አስተማሪ ናት። በሩን ስትከፍትለት ሁለት ትንንሽ ልጆቿ ሶፋው ላይ ይዘላሉ።

«መቀሴን እዚህ ውስጥ ሳልረሳው አልቀረሁም» አለ።

«እኔ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ምንድን ነው የሚቆረቁረኝ እያልኩ ነበር» ብላ ሳቀች።

ተንበርክኮ ስፌቱን መተርተር ጀመረ። «እ... ልጆቹን ወደ ውስጥ ቢያስገቧቸው።»

«ለመቀስ?»

ጨርቁ ሸርተት ሲል ጥቁሩ አፈሙዝ ብቅ አለ። ሴትየዋ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ጠየቀችው፦

«ጥይት አለው?»

«አዎ።»

ልጆቿን እጅ እጃቸውን ይዛ ወጣችና ግቢ ውስጥ ቆመች። ሽጉጡን አውጥቶ፣ ጥይቱን አራግፎ፣ ክንዱን መልሶ ሊሰፋ መርፌ ሲያነሣ ተመለሰች።

«ይተዉት፤ እኔ እሰፋዋለሁ» አለች። «አዳራሽ ውስጥ ካጨበጨቡልዎ አንዷ እኔ ነበርኩ።»

ብትሰድበው በተሻለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

ከዚያው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ሽጉጡን አስረከበ። «ደንቡ ገና መች ጸደቀና?» አለው ተረኛው። «የሌላውን አላውቅም፤ እኔ ግን አልቻልኩበትም» አለ።

ይሄ ቀላሉ ነበር። ከባዱ ሰዉ ነው፤ ሱቁ የገባ ሁሉ «አንተ እንዳልከው...» እያለ ንግግሩን ይጠቅስለታል። እሱም አንገቱን ደፍቶ «እህ» ይላል። ያችን «እህ» ባላት ቁጥር ራሱን ይጠላዋል።

በአምስተኛው ቀን ነርሱ ቤት ሄዶ ሁሉንም ነገረው። ነርሱ አልሳቀም።

«ልጆቹ ደህና ናቸው?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።

«ደህና ናቸው» አለ ሶፋ ሠሪው። «ያን ዕለት ምን ልትል ነበር? ስለ ልጅቷ።»

«አምስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ትራስ ሥር ነበር የሚያስቀምጠው። ሌላውን አልነግርህም።»

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው «እስቲ አንተ ጀምርልን» ሲለው ተነሣ። ሶፋውንም፣ መቀስ ብሎ መዋሸቱንም፣ ነርሱን ማዋረዱንም ተንተባትቦ ተናገረ። ጥቂቶች የሚያስቅ መስሏቸው መሳቅ ጀመሩና ሳይጨርሱት ተዉት። አስተማሪዋ ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም። እጅ አውጡ ሲባል ግማሹ ደንቡን ደግፎ፣ ግማሹ ተቃውሞ አወጣ። እሱ ሁለቱንም ጊዜ እጁን ጭኑ ሥር አድርጎ ተቀምጦ ነበር።