ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት

ልጄ ባሕር ዳር ነው የምትሠራው። ለፋሲካ ስትመጣ ግድግዳ ላይ የሚገጠም ሶኬት ይዛልን መጣች። ነጭ ነው፤ ከምናውቃቸው ክብ ቀዳዳዎች ሥር ሁለት ጠባብ፣ ጠፍጣፋ ቀዳዳዎች አሉት። «እኒህ የስልክ ናቸው» አለችን፤ «የቻርጀሩ ራስ አያስፈልግም፤ ገመዱን ብቻ መሰካት ነው።» እናቷ ደስ አላት። ያን የቻርጀር ራስ ፍለጋ ቤቱን ስታምስ ነበር የምትውለው፤ አንድ ቀን እንዲያውም ከበርበሬው ዕቃ ውስጥ ተገኝቷል።

እኔ አልወደድሁትም። ትምህርቴ ከቄስ ትምህርት ቤት ፊደል አላለፈም፤ ስለ ኮረንቲ የማውቀው አይታይም፣ ይገድላል የሚለውን ብቻ ነው። ቤታችን ደግሞ ደብረ ታቦር ዳር ያለ የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ከተገጠመ በኋላ፣ ምንም ሳይሰካበት እጄን ሳስጠጋ ለብ ያለ መሰለኝ።

«ይህ ነገር አይተኛም ወይ?» አልኋት።

«አባባ ደግሞ! የሚያስፈራው መናኛው ነው፤ ይህ ደህና ዕቃ ነው» ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን ተወችው። «ብቻ ውሃ አይንካው። ኮረንቲ ሰው ከያዘም በእጃችሁ እንዳትነኩት፤ መጀመሪያ ቆጣሪው ሥር ያለውን ማጥፊያ አውርዱ።»

ያ ቃል ልቤ ውስጥ ቀረ። ሶኬቱ ግን ደህና ሠራ። ጎረቤት ሁሉ ስልኩን ይዞ ይመጣል፤ ባለቤቴም እንደ ሙሽራ ታሳየዋለች። እኔም ስሸሸው ስሸሸው ለመድሁት።

ክረምቱ ሲወጣ የጊዮርጊስ ማኅበር ተራ ደረሰን። በእኛ አገር ማኅበርተኛ ያልተለቀለቀ ቤት አይገባም፤ የሴቲቱ ነውር ነው። ባለቤቴም ቀይ አፈርና እበት በባልዲ በጥብጣ፣ ባዶ እግሯን ሆና፣ ግድግዳውን በመዳፏ ትለቀልቅ ጀመር። ወደ ሶኬቱ ስትጠጋ ጊዜ አስቆምኋት።

«ኧረ እሱን እለፊው።»

«መብራት ከጧት ጀምሮ የለም እኮ! ከሞተ ነገር ጋር ምን አጣላዎት?»

እውነቷን ነው፣ አልሁ። ሁላችንም እንዲህ ነን፤ መብራት ከሄደ ኮረንቲው የማይመለስ ይመስለናል፤ ማጥፊያውን ላውርድ የሚል የለም። መቀመጫ ዱካዬን ይዤ ደጅ ወጣሁና ፀሐይ መሞቅ ያዝሁ።

ትንሽ ቆይቶ ሰፈሩ «መብራት መጣ!» ብሎ ጮኸ። ወፍጮው አጓራ። ከቤት ባልዲ ሲገለበጥ ሰማሁ።

«አንቺ!» አልሁ።

ምርኩዜን ይዤ ከዱካዬ ተነሣሁ።

«አንቺ! ምን ሆንሽ?»

መልስ የለም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ! ጉልበቴ እንደ ልቤ አልሮጠልኝም። ደጃፉ ላይ ደርሼ ባይ፣ ከፀሐይ ነውና የገባሁት ዓይኔ ጨለመብኝ፤ እግሯን ብቻ ነው ያየሁት፤ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ልይዛት እጄን ስሰድ የልጄ ቃል ያዘኝ። ማጥፊያው ከኋላዬ፣ የበሩ መቃን ላይ ካለው ቆጣሪ ሥር ነው። ለእሷ ጀርባዬን መስጠት አለብኝ። ያችን ቅጽበት አምላክ ለጠላቴም አይስጠው። ዞርሁ፤ በምርኩዜ መትቼ አወረድሁት፤ ከዚያ ደረስሁላት።

ዓይኗ ተከፍቷል፣ ግን አያይም። አቀፍኋት። ቆይቶ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«እጄ… እጄ የት አለ?»

እጇ እዚያው ነበር፣ እስከ ክንዷ ጭቃ። በሁለት እጄ ያዝሁት። «ይኸውና፤ እኔ ጋ ነው» አልኋት። አልተሰማትም፤ ደጋግማ ጠየቀችኝ።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ልቧ ደህና ነው ብለው መለሷት። እጇ ግን እስከ ማታ እንደ በድን ሆኖ ቆየ።

ማግስቱን የመጣው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሶኬቱን ነቅሎ እያገላበጠ ሳቀ። «እማማ፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ጭቃ አጉርሰውት ምን ያድርግ!» እሷም ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። አዲስ አምጥቶ፣ በደረቅ ጣውላ ላይ፣ የሚለቀልቅ ሰው እጅ ከማይደርስበት ከፍ አድርጎ ሰቀለልን። ማጥፊያው ሳይወርድ ግድግዳ እንዳይነካ፣ መብራት ሲሄድም ስልኩን እንድንነቅል፣ ሲመለስ በኃይል ነው የሚመጣው ብሎ አስጠንቅቆን ሄደ።

ማኅበርተኛው ግማሽ ግድግዳው ያልተለቀለቀ ቤት ገባ፤ ማንም ነውር አላለውም።

ዛሬም መብራት ሲመጣ ሰፈሩ እልል ይላል። ድሮ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ያን ጩኸት ስሰማ ከዱካዬ ሳልነሣ እጣራለሁ፦

«አንቺ!»

ጓዳ ትሁን፣ ጓሮ ትሁን፣ ለምን እንደምጣራ ታውቃለች።

«አለሁ!» ትለኛለች። «አለሁ፣ አይጩሁ!»

ያን ሳልሰማ ትንፋሼ አይመለስም።