ከፊላው ማዶ ያለችው ላም

ባለቤቴ የሚሠራው ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። ማታ ገበታ ስንቀርብ ስለ ኮንቴይነርና ስለ ሹፌሮች ጭቅጭቅ ያወራል። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን እጁን አንሥቶ «አንቺ ቆይ፣ መጀመሪያ እንብላ» ይላል። አልፈርድበትም። እኔ የምሠራው አዳማ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ሲሆን ሥራዬ ፍሳሹ ነው። ሐኪሞቹ ታማሚውን ያያሉ፤ እኔ ደግሞ ከእነሱ እጅ ታጥቦ የሚወርደውን አያለሁ። ጓደኞቼ «የቱቦ ዶክተር» ይሉኛል። ይበሉ፣ ስሙን ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም ወድጄዋለሁ።

የሆስፒታል ፍሳሽ ሲባል ሰው ሁሉ የሚፈራው ጀርሙን ነው። ጀርም ግን በፀሐይም በክሎሪንም ይሞታል። እኔን የሚያሳስበኝ የማይሞተው ነው። ከላቦራቶሪ ኬሚካል፣ ከጥርስ ክፍል፣ ከተሰበረ ቴርሞሜትር፣ ካረጀ ቱቦ ሳይቀር እየታጠበ የሚመጣ እርሳስ አለ፣ ባዜቃ የሚባለው ሜርኩሪ አለ፣ ክሮሚየም አለ። ከባድ ብረቶች ይባላሉ። ውሃ ውስጥ ሟምተው ሲሄዱ አይታዩም፣ አይሸቱም፣ ዓመት ቢቆዩም አይበሰብሱም። ቦይ ውስጥ ከገቡ በቦዩ የሚጠጣው ጎመን ውስጥ ይገባሉ፤ ከጎመኑ ደግሞ ወደ እኛ። ከዚህ እስከ መቂ በመስኖ የማይለማ አትክልት ስለሌለ ነገሩ የሁላችንም ነው።

ለዚህ ነው ከግቢው ጀርባ ማጣሪያ ያለን። ፍሳሹ መጀመሪያ ማዝቀጫ ገንዳ ውስጥ አርፎ ደለሉን ያወርዳል። ከዚያ በጠጠር የተሞላና ፊላ የሚባለው ረጅም የረግረግ ሣር የተተከለበት ሰፊ መደብ ውስጥ እየተንፏቀቀ ያልፋል። ጠጠሩና የፊላው ሥር ብረቱን ይዘው ያስቀሩታል፤ ውሃው በወዲያኛው ጫፍ ጥርት ብሎ ይወጣል። በበጋ የአዳማ ነፋስ አቧራውን አንሥቶ ዐይናችን ውስጥ ሲሞጅር፣ ከተማው ሁሉ አመድ ለብሶ ሲውል፣ የእኔ ፊላ ብቻ እንደለመለመ ነው። ወፎች ይሰፍሩበታል። ጠዋት ጠዋት ሻዬን ይዤ ዳሩ ላይ እቆማለሁ። ይሸታል? ትንሽ ይሸታል። ቢሆንም ከቢሮዬ ይሻለኛል።

ፊላው ሲረዝም ይታጨዳል። የታጨደው ይቃጠላል፣ አመዱም በታሸገ ጉድጓድ ይቀበራል። ይህን የሚሠሩልኝ የግቢው ጥበቃ ናቸው፤ ከአርሲ ገጠር የመጡ፣ ከአባቴ ብዙም የማያንሱ ሽማግሌ ናቸው። መደቡን እንደ ራሳቸው ማሳ ነው የሚንከባከቡት።

ባለፈው በጋ አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ሻዬን ይዤ ቆሜ ሳለ፣ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታችን ላም አንድ ረጅም አረንጓዴ ነገር ታመነዥካለች። አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁ። ፊላ ነው። ሻዬ ከእጄ ወደቀ ብል ውሸት ይሆናል፤ ጨልጬው ነው የተጣራሁት።

«አባባ! ያ የእኛ ፊላ አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ ልጄ» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። «ትበላዋለች፤ ትወደዋለች።»

«ይቃጠል ተባብለን አልነበረም?»

«የደረቀውን እያቃጠልኩ ነው። እርጥቡን ግን…» አንገታቸውን ደፉ። «ልጄ፣ እርጥብ ሣር ይቃጠላል? እኛ ፈጣሪን የምንለምነው እርጥብ ሣር ይዘን ነው። የተጣላ የምናስታርቀው እርጥብ ሣር ይዘን ነው። በዚህ በጋ ላሚቱ አጥር ሥር እየጮኸች እሳት ውስጥ ልክተተው?»

መቆጣት ጀምሬ ነበር፤ አፌ ለቁጣ አይሰንፍም። ግን የእኔ መመሪያና የእሳቸው እርጥብ ሣር አጥር ላይ ተገናኝተው የእሳቸው አሸንፏል። ቁጣዬን ዋጥኩና የላሚቱን ባለቤት አሰብኩ።

ባለቤቷ ለጥቂት ቤቶች ወተት እያከፋፈሉ የሚኖሩ እናት ናቸው። ያላቸው ይቺ አንዲት ላም ናት። ልጃቸው ቆቃ አበባ እርሻ ውላ የምትመጣው ማታ ስለሆነ፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ አፏን ከፈታች ብዙም አልቆየች፤ በአጥሩ ቀዳዳ ስታየኝ «አካም!» እያለች በሰላምታ የምትጮህ ቀበጥ ናት። ያን ጠዋትም ጮኸችልኝ። እጇ ላይ ኩባያዋን ይዛ ነበር። ውስጡ ያለው የላሚቱ ወተት ነው።

ከሰዓት በኋላ ከጥበቃው ጋር ሄድን። ሽማግሌው ለይቅርታ ብለው አንድ እፍኝ እርጥብ ሣር ይዘዋል።

«ከየት ነው የነጩት?» አልኳቸው መንገድ ላይ።

«ከቤቴ ደጅ!» አሉኝ፣ ተቀይመው።

ባለላሟ እናት ሣሩን ሲያዩ ነገር እንዳለ ገባቸው። ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ስጨርስ ስለ ገበያቸው ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ የልጅቷን ራስ ወደ ጉልበታቸው ሳብ አደረጉ።

«ወተቱን የሚገዛኝ ባጣ ረቢ ጌታዬ አለልኝ» አሉ። «ልጅቷስ? ጡት ከተወች ጀምሮ የጠጣችው ይኸንኑ ነው። ይጠጣል ወይስ አይጠጣም? አንድ ቃል ንገሪኝ።»

እኔም ጀመርኩ። ስለ ሥሩ፣ ስለ ቅጠሉ፣ ስለ መጠን፣ ከገደብ በታች ስለመሆንና ስለመብለጥ…

«ልጄ፣ ይኼ አንድ ቃል ነው?»

«አላውቅም» አልኩ። «እስካውቅ ድረስ ግን አይጠጣም፣ አይሸጥም።»

ሣሩን ከሽማግሌው እጅ ተቀብለው ጉበኑ ላይ ሰኩት። «እሳቸውን ይቅር ብያለሁ» አሉኝ። «አንቺ ግን ቃሉን ይዘሽ ስትመጪ የመጀመሪያውን ኩባያ ራስሽ ትጠጪልኛለሽ።»

እሺ አልኩ። ችግሩ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የወተት ሽታ ያጥወለውለኛል። የሆስፒታል ፍሳሽ ዳር ቆሜ ሻይ የምጠጣ ሴት ወተት አልወድም። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ።

በማግሥቱ ቅጠሉን ለብቻ፣ ሥሩን ለብቻ፣ ወተቱን ለብቻ አሸግኩ። የሕፃናት ክፍሏ ነርስ የልጅቷን ደም ቀዳችልኝ። ሁሉም በበረዶ ሳጥን ሆኖ አዲስ አበባ ወዳለ ላቦራቶሪ ሄደ። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልም፤ ስልኬን በየደቂቃው እያየሁ የሥራ ባልደረቦቼን አሰለቸኋቸው።

ላም የምትታለብ ከሆነች ዛሬ ይቅር አይባልም። ባለላሟ ጠዋትና ማታ አልበው ወተቱን እኛ አመዱን የምንቀብርበት ጉድጓድ ይደፉት ነበር። ሲደፉ ፊታቸውን ያዞራሉ። ጥበቃው ከደሞዛቸው ጭድ ገዝተው በጋሪ አመጡላቸው፤ ማንም አላዘዛቸውም። ደንበኞቹ «ወተቱ የት ጠፋ?» ሲሉ ባለላሟ ሳይደብቁ «ላሜ ምርመራ ላይ ናት» ይሏቸው ነበር። ሰፈሩ ሳቀ፤ «ሐኪም ያዘዘላት ላም» ተባለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ግን በየጠዋቱ ከአጥሩ ማዶ ልጅቷ ባዶ ኩባያዋን እያንኳኳች ስታለቅስ፣ አያቷም «አይጠጣም፣ የኔ እናት፣ አይጠጣም» ሲሏት እሰማ ነበር። ሻዬን ቢሮ መጠጣት ጀመርኩ።

ውጤቱ የመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው። መጀመሪያ በስልክ ነገሩኝ፣ ወረቀቱ ቀጥሎ ደረሰ። እርሳሱም ባዜቃውም ክሮሚየሙም ሥሩ ላይ ተከማችተዋል። ቅጠሉ ላይ ያለው ትንሽ ነው። ወተቱ ደህና ነው። የልጅቷ ደምም ደህና ነው። ያሉትን እንዲደግሙልኝ ጠየቅሁ፤ ደገሙልኝ። ከዚያ ፊላው ዳር ሄጄ አለቀስኩ። ደስታ ነበር፣ ኩራትም ነበረበት። ያ ጭቃ ውስጥ የቆመ ቅጠል የተባለውን ሳያጓድል ሠርቷል፤ ክፉውን እታች ይዞ አስቀርቶልናል።

ያም ሆኖ ፊላው ለከብት እንደማይሰጥ ከጥበቃው ጋር በድጋሚ ተስማማን፤ ዛሬ ደህና የሆነ ነገ ላይሆን ይችላል። መላውን ያመጡት ግን እሳቸው ናቸው። የታጨደውን ግቢ ውስጥ ቆልፈንበት እስኪደርቅ እንጠብቃለን። «ከደረቀ በኋላ እሳት ብከተውም ቅር አይለኝም» አሉ። ለላሚቱ ደግሞ ከቧንቧ በሚጠጣ ሌላ ጥግ ላይ ዝሆኔ ሣር ተከሉላት። እርቃችን እስከዛሬ ጸንቷል።

ውጤቱ በደረሰ ማግሥት ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ባለላሟ ቤት ሄድኩ። ጥበቃው ተከተሉኝ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ሁለት ደንበኞች ደጃፉ ላይ ጠበቁኝ። ወረቀቱን ዘርግቼ ማንበብ ስጀምር ባለላሟ በእጃቸው ገለል አደረጉት።

«ቃልሽን» አሉኝ።

አሁን የታለበ፣ አረፋው ያልበረደ ወተት በትልቅ ኩባያ ቀዱልኝ። ትንሽ ኩባያ የሌላቸው ሆነው አይደለም። ትንፋሼን ይዤ፣ ዐይኔን ጨፍኜ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨለጥኩት። ዐይኔን ስከፍት አንዷ ደንበኛ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች። ባለላሟ ግን አልሳቁም፤ ፊቴን እያዩ ነበር።

ከዚያ ለልጅቷ በራሷ ኩባያ ቀዱላት። ልጅቷ በሁለት እጇ ተቀበለችው እንጂ አልጠጣችም። ያን ሁሉ ጊዜ አይጠጣም ተብላለች። አያቷን ቀና ብላ አየች፤ አያቷ ወደ እኔ ዞሩ። እሷም ዞረች።

«ይጠጣል?» አለችኝ።

ወረቀቱ በእጄ ነበር፤ የሚነበብ ብዙ ነገር አለው።

«ይጠጣል» አልኳት።

ጠጣች። ስትጨርስ ኩባያዋን ለአያቷ መልሳ ዘረጋች።